የማኅበረሰብ ፕሮግራም አስተባባሪዎች የአመራር ሥልጠና ለምን ያስፈልጋቸዋል?

በኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ሆኖም መድኃኒቱ የሚጠቅመው ሰው ተመርምሮ ራሱን ሲያውቅና ሕክምናውን ሳያቋርጥ ሲከታተል ነው። ነዋሪውን ከጤና ተቋሙ ጋር የሚያገናኙት የመከላከል ፕሮግራም አስተባባሪዎች በመሆናቸው፣ ስለ በሽታው ከማወቅ ባሻገር የመምራት ብቃት ሊኖራቸው ይገባል።

ሥልጠናው በሦስት ጉዳዮች ላይ ሊያተኩር ይገባል።

• ምስጢር መጠበቅ፦ የአንድ ሰው የምርመራ ውጤት ያለ ፈቃዱ ከተነገረ፣ ጎረቤቱም ለመመርመር ይፈራል።

• መረጃን ለውሳኔ መጠቀም፦ የስብሰባ ተሳታፊዎችን መቁጠር ብቻ በቂ አይደለም፤ ስንት ሰው ተመረመረ? ቫይረሱ ከተገኘባቸው ስንቱ ሕክምና ጀመረ? ስንቱስ አቋረጠ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

• ማዳመጥ፦ በእድርና በማኅበረሰብ ውይይት ላይ ነዋሪዎች፣ በተለይም ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች፣ መፍትሔ እንዲያፈልቁ ዕድል መስጠት ነው።

መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ወደማይታይበት ደረጃ የወረደለት ሰው፣ ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። አስተባባሪው ይህን እውነት በግልጽ ሲያስረዳ መገለል ይቀንሳል፤ ፍርሃት ቤት ያስቀረው ሰውም ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣል።