አንድ ቃል፣ ሁለት መስሚያ፦ የአርሲው አቴቴና የባህል ትምህርት በኮሌጆቻችን

የነገረ መለኮት ተማሪ ስለ ፈሪሳውያን የመንጻት ሥርዓት ብዙ ገጽ ሊጽፍ ይችላል። በአጥቢያው ጎረቤት ያሉ እናቶች ለምን በትር ይዘው እንደሚወጡ ግን ላያውቅ ይችላል። አሰላና የአርሲ ደጋ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው።

«አቴቴ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ሸዋ ላደገ አማኝ ይህ ጨሌ የሚታሰርለት፣ ድግስ የሚደገስለት መንፈስ ስም ነው፤ ምናልባትም ጌታን ሲቀበል ከካዳቸው ነገሮች አንዱ። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ግን አቴቴ ሴቶች ዝናብ ሲጠፋ ለልመና፣ ሴት ስትበደል ለፍትሕ የሚወጡበት ሥርዓት ነው። ባል ሚስቱን፣ በተለይም አራስ ሳለች፣ ቢደበድብ ጎረቤቶቿ ይሰበሰባሉ። ያገቡ ሴቶች በሠርጋቸው ቀን የተቀበሉትን ሲንቄ የተባለ ቀጭን በትር ይዘው፣ በደሉን በዜማ እየተናገሩ ወደ በዳዩ ደጅ ይሄዳሉ። ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ሲጠይቅና ሲክስ ይመርቁታል። በትሩ ለመምቻ አይደለም፤ የሚከበረውም ስለማይመታ ይመስለኛል። ሌይላ ቃሹ በ2016 እ.ኤ.አ. ለካናዳው ሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ ያቀረበችው የዶክትሬት ጥናት በዚሁ በዜማ በሚካሄድ ዳኝነት ላይ ነው።

እንግዲህ ከሌላ አካባቢ የተመደበ መጋቢ፣ የተደበደበች ምእመን አቴቴ ጠራች የሚል ወሬ ሰማ እንበል። «ወደ ባዕድ አምልኮ ተመለሰች» ብሎ ከቅዱስ ቁርባን ቢያግዳት፣ ሳያውቅ ከደብዳቢው ጎን ቆሟል። «ባህል ነው» ብሎ ማለፍም አያዋጣም፤ ልመናና ምርቃት ስላለበት፣ ማን ይለመናል? በማን ስም ይመረቃል? የሚለው ጥያቄ የግድ ይነሣል። መልሱ ግን ከቃሉ ድምፅ አይገኝም፤ ከሴቶቹ ይገኛል። ጳውሎስም አቴናውያንን በአርዮስፋጎስ ከመናገሩ በፊት የሚያመልኩትን እየዞረ ተመልክቶ ነበር (ሐዋ. 17፥23)።

ኮሌጆቻችን ይህን በንግግር ብቻ ማስተማር አይችሉም። አፋን ኦሮሞ አፉን የፈታበት የአርሲ ልጅ ብዙ ጊዜ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ሲማር ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ይልቅ ስለ ጉዳዩ የሚያውቀው እሱ ሆኖ ሳለ። ከሌላ አካባቢ ከመጣ ተማሪ ጋር ጥንድ ሆነው እናቶችን ይጠይቁ፤ የሰሙትን ያለ ፍርድ ይጻፉ፤ በቅዱሳት መጻሕፍት መመዘኑ ከዚያ ይከተላል። ለአንድ ነገር ግን ተዘጋጅተው ይሂዱ። ከእናቶቹ አንዷ መልሳ፣ «እናንተስ ዘንድ ሴት ስትደበደብ ማን ይወጣላታል?» ልትላቸው ትችላለች።