አልጋ በቀይ አፈር

ረቡዕ ማታ ቀይ አፈር የደረሰ መንገደኛ ራት ከማሰቡ በፊት «አልጋ አለ?» ይላል። ማግስቱ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን ነው። ነጋዴው፣ ሾፌሩና ለመስክ የወጣው የመንግሥት ሠራተኛ ቀድመው ይዘዋል። ዓርብ ቢመጣ ኖሮ ክፍል ያማርጥ ነበር።

ከተማዋ የበና ፀማይ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከጂንካ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከኮንሶ ተነስቶ የወይጦን ቆላ አቋርጦ የሚወጣው መንገድ እዚች ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጂንካ፣ ሌላው በዲመካና በቱርሚ አድርጎ ወደ ኦሞራቴ። መንገድ በተገናኘበት ደግሞ ማደሪያ አይጠፋም። የአልቤርጎዎቹ ዋና ደንበኛ እስካሁንም ካሜራ ያንጠለጠለው እንግዳ አይደለም፤ ጭነት ይዞ የመሸበት ሰው ነው።

አሠራራቸው ተቀራራቢ ነው። የቆርቆሮው በር ሲከፈት ግቢ፣ ግቢው መሃል አንድ ሁለት አይሱዙ፣ ዳር ዳሩን የተደረደሩ ክፍሎች። እንዲህ ዓይነቱ አሠራር የቀይ አፈር ብቻ አይደለም። በፋርስ ምድር ካራቫንሰራይ የሚባሉት የሲራራ ነጋዴ ማደሪያዎችም ክፍሎቻቸውን መሃል ግቢው ዙሪያ ደርድረው፣ ግመሉንና በቅሎውን ግቢ ውስጥ ያሳድሩ ነበር። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. ከእነዚህ መካከል 54ቱን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። የኛዎቹ ግቢዎች ማንም አልመዘገባቸውም፤ ግመሉ ግን አይሱዙ ሆኗል።

መታወቂያ ታይቶ፣ ስም መዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ ሒሳብ በቅድሚያ ተከፍሎ ሲያበቃ ቁልፍ፣ ሶፍትና ትንሽ ሳሙና ይሰጣል። ቁልፉ ኪስ የማይገባ እንጨት ታስሮበታል፤ እንግዳ ረስቶት እንዳይሄድ። ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ ብርድ ልብስ፣ ከአልጋው ሥር ነጠላ ጫማ፣ ከላይ የተቋጠረ አጎበር፣ ልብስ ለመስቀያ ሁለት ሚስማር። ሻወርና መጸዳጃው የጋራ ነው። ቢጫዋ ጄሪካን ከጎኑ ከሌለች ግን «ሻወር አለ» የሚለውን ቃል አትመኑ። ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ፦ አጎበሩ የተቀደደ እንዳይሆን፣ መቀርቀሪያው እንዲሠራ፣ ክፍሉ ከመጠጥ ቤቱ ጋር ግድግዳ እንዳይጋራ። እኔ ሦስተኛውን ረስቼ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ሙዚቃ ሳዳምጥ አድሬያለሁ። ፍራሹም መሃሉ ሰምጦ ስለነበር ብገላበጥም ተመልሼ እዚያው ጉድጓድ ነበርኩ።

ታዲያ ጂንካ የተሻለ ሆቴል እያለ ለምን እዚህ ይታደራል? አብዛኛው ቱሪስት ጂንካ ወይም ቱርሚ አድሮ፣ እኩለ ቀን ገደማ በላንድክሩዘር መጥቶ፣ ፎቶውን አንስቶ ይመለሳል። ገበያውን ሞልቶ ያየዋል፤ ሲሞላ የነበረበትን ጠዋት ግን አያየውም። እኔ የርካሿ አልጋ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጥርስ እየፋቃችሁ በሩ ላይ ብትቆሙ የበና፣ የፀማይ፣ የአሪ፣ አንዳንዴም የሐመር ሰው ከየአቅጣጫው በእግሩ ሲገባ ታያላችሁ። ሴቶቹ ቅቤና ማር በቅል ይዘዋል፤ ፍየል የሚነዳው ወደ ከብት ተራው ይታጠፋል። ፀሐይ ሳይከር ሸፈሮ፣ ማለትም የቡና ገለባ ፍል፣ በቅል እየተቀዳ ይጠጣል።

ወንዶቹ እጅ ላይ ያለችውን ቦርኮቶ ልብ በሉ። ከአንድ እንጨት የተፈለፈለች፣ ከስንዝር ብዙም የማትበልጥ ነገር ናት። ባለቤቷ ሲደክመው ይቀመጥባታል፤ ጥላ ሲያገኝ ጋደም ብሎ ይንተራሳታል። በጭቃ ተበጅቶ ላባ የሚሰካበት የጸጉር ሥራ መሬት ነክቶ እንዳይበላሽም ታግዛለች። ወንበሩንም ትራሱንም በአንድ እጁ አንጠልጥሎ የሚዞር ሰው አጠገብ፣ ያን ትልቅ ቁልፍ ይዤ መቆሜ ትንሽ አሳፍሮኛል።

ገበያ ለመጎብኘት የሚገባ እንግዳ የአካባቢውን አስጎብኚ ይዞ ነው የሚገባው። ፎቶ ሳይጠይቁ አያነሱም፤ ዋጋውም ቀድሞ ይነገራል፣ ከተነሳ በኋላ ክርክር አያምርም።

ከሰዓት በኋላ መኪኖቹ ይወጣሉ፣ እግረኛውም ወደየመንደሩ ይበተናል። ዓርብ ጠዋት ቁልፉን ልመልስ ስወጣ አልጋ ያዧ አንሶላውን ሁሉ አጥባ ገመዱ ላይ ዘርግታለች።

«ወንድሜ፣ ማክሰኞስ?» አለችኝ።

«ማክሰኞ ደግሞ ምን አለ?»

«አልዱባ ነዋ ገበያው! ሰኞ ማታ ከመጣህ ከመጠጥ ቤቱ ራቅ ያለውን እይዝልሃለሁ።»