እርቁ ወርዷል፤ ክሱስ?

ከወረታ ተነስቶ አለም በርን አልፎ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። ክረምት ሲሆን ጉሙ ከፊት ያለውን መኪና ይሰውራል። በገበያ ቀን ደግሞ ሰውም አህያም በግም አስፋልቱን ይጋራሉ።

የአጎቴ ልጅ እዚህ መንገድ ላይ ሚኒባስ ሲያሽከረክር አንድ አዛውንት ገጨ። አልሸሸም፤ አንስቶ ሆስፒታል አደረሳቸው። በማግስቱ አረፉ። ቀጥሎ የሆነውን ያገራችን ሰው ይገምተዋል፤ ሽማግሌ ተላከ፣ ካህናት ገቡ፣ ካሳ ተቆረጠ፣ እርቅ ወረደ። የሟች ልጆች ይቅር ብለው ከእኛ ጋር ማዕድ ቆረሱ። እኛም ነገሩ ያለቀ መስሎን እፎይ አልን።

ከወር በኋላ የፍርድ ቤት መጥሪያ መጣ። የልጁ እናት "ታርቀን የለም እንዴ? ደግሞ ማን ከሰሰን?" ስትል መልስ የሰጣት አልነበረም።

የከሰሰው ዐቃቤ ሕግ ነው። ሰው ሲሞት ጉዳዩ የሁለት ቤተሰብ ብቻ መሆኑ ያበቃል። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። ጥፋተኛው እንደ ሾፌር ያለ የሙያ ግዴታ ያለበት ከሆነ ግን እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል፤ መቀጮም ይጨመርበታል። የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ሾፌሩ ከጠጣ ወይም ግልጽ የሆነን ደንብ ሆን ብሎ ከጣሰ፣ ከ5 ዓመት የሚጀምር ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል።

ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉ። እየነዱ በስልክ ማውራት ወይም ትርፍ መጫን በአዘቦት ቀን የደንብ መተላለፍ ነው፤ ትራፊኩ ይጽፋል፣ ከፍለን እየተነጫነጭን እንሄዳለን። ሰው የሞተ ዕለት ግን ያችው ጥፋት ክሱን ልታከብደው ትችላለች።

ታዲያ ሽምግልናው ከንቱ ነው? አይደለም። አንቀጽ 82 ተጎጂን መርዳትን፣ ጥፋትን ማመንን፣ ራስን ለሕግ መስጠትንና ካሳን ቅጣት ከሚያቀሉ ምክንያቶች ይቆጥራል። ስለዚህ ሽማግሌዎች የፈረሙበትን የእርቅ ወረቀት በሳጥን አትቆልፉት፤ ለችሎቱ ይቅረብ። ገጭቶ ማምለጥ ግን በአንቀጽ 575 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። "የማሳክምበት ገንዘብ አልያዝኩም" ማለትም አያዋጣም፤ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ 799/2005 ለተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና ይፈቅዳል።

ልጁ ሲያዝ ዘመድ ሁሉ ጣቢያ ተሰብስቦ "ቶሎ ቃልህን ስጥና ውጣ" ይለው ነበር። እኔም አንዷ ነበርኩ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት አለው፤ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ክስ ሲመሠረት ጠበቃ መቅጠር ካልቻለና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ያቆምለታል። የሰጠው ቃል ደግሞ ይጻፋል። ሳያነቡ መፈረም በኋላ ያንገበግባል።

ዳኛው የእርቁን ወረቀት አነበቡት። አዛውንቱን ራሱ ሆስፒታል ማድረሱም ተቆጠረለት። ፍርዱ ከፈራነው አነሰ፤ ያም ሆኖ እስራት ነው። አክስቴ አሁን እሁድ እሁድ ስንቅ ትቋጥራለች።