የ1928 ዓ.ም. የኢጣልያና የኢትዮጵያ ጦርነት መንስኤዎች

በኢጣልያና በኢትዮጵያ መካከል መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት መነሻ ብዙ ጊዜ የወልወል ግጭት ነው ተብሎ ይነገራል። ወልወል ሰበብ ነበር። ኢጣልያ ጦርነቱን ያሰበችው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወልወል

ወልወል በኦጋዴን የሚገኝ፣ ከብት አርቢዎች ግመልና ከብታቸውን የሚያጠጡበት የጉድጓድ ውኃ ያለበት ስፍራ ነው። በ1900 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኢጣልያ በተፈራረሙት ውል መሠረት የሶማሊያ ወሰን ከባሕር ጠረፍ 180 ማይል ያህል ርቆ ጠረፉን ተከትሎ እንዲሄድ ተስማምተው ነበር። ወልወል ከዚህ ልክ አልፎ በኢትዮጵያ በኩል ይገኛል፤ ሆኖም የኢጣልያ ወታደሮች ውኃውን ይዘው ምሽግ ሠርተውበት ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. የእንግሊዝና የኢትዮጵያ የወሰን ኮሚሽንን አጅቦ በመጣው የኢትዮጵያ ጦርና በኢጣልያ ወታደሮች መካከል ተኩስ ተከፈተ። ከኢትዮጵያ ወገን ብቻ ከ100 ሰው በላይ ሞተ። መጀመሪያ የተኮሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ኢጣልያ ይቅርታ እንዲጠየቅ፣ ለሰንደቅ ዓላማዋ ሰላምታ እንዲሰጥና 200,000 የማሪያ ቴሬዛ ብር ካሣ እንዲከፈል ጠየቀች። ኢትዮጵያ በበኩሏ በ1920 ዓ.ም. በተፈረመው የወዳጅነት ውል አንቀጽ 5 መሠረት ጉዳዩ በሽምግልና እንዲታይ አለች። ዳኞቹ ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. በሰጡት ውሳኔ ሁለቱም ወገኖች ለግጭቱ ተጠያቂ እንዳልሆኑ አስታወቁ። ጠቡ የውኃ ጉድጓድ ጠብ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። አንድ ወር ሳይሞላ ግን የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ።

የሣርና የውኃ ጠብ እና የዳኛ ጉዳይ

የግጦሽና የውኃ ክርክር የግድ ወደ ጦርነት እንደማያደርስ የሚያሳይ ምሳሌ በሰሜን ሸዋ አለ። በመንዝ ጌራ ምድር የሚገኘው ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የወል ደጋ መሬት ነው። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ስለሚፈለግ ሁሉም ይመኘዋል። ይሁን እንጂ የመንዝ ሰዎች ለመቶዎች ዓመታት በቄሮ ሥርዓት ተዳድረውበታል፦ የተመረጡ አለቆች መሬቱን ለ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጉታል፤ ሲደርስም በአንድ ቀን ይከፍቱታል፤ በድብቅ ገብቶ ያጨደ ወይም ከብት ያሰማራ ይቀጣል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪፈርስ ድረስ ጸንቷል። ጠብ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ከተጣሉት ሰዎች በላይ የሆነና ቅጣቱን የሚያስፈጽም ዳኛ ግን ነበር።

በመንግሥታት መካከል እንዲህ ያለ ዳኛ አልነበረም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. አባል የሆነችበት የመንግሥታት ማኅበር የራሱ ጦር ስላልነበረው፣ ኃይሉ የሚለካው በታላላቆቹ አባላት ፈቃድ ነበር። ከእነዚህ አንዷ ፈረንሳይ ታኅሣሥ 29 ቀን 1927 ዓ.ም. በሮም ከሙሶሊኒ ጋር ተስማማች፤ ጀርመን እየበረታች ስለሄደች የኢጣልያን ወዳጅነት ትፈልግ ነበር። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ማኅበሩ በኢጣልያ ላይ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅ ዘይትን አልጨመረም፤ የስዊዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ።

ከወልወል በፊት የነበረው ሐሳብ

ኢጣልያ ከዓድዋ ድል (የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.) በኋላ ቂም ይዛ ኖራለች። የዓድዋ ጦርነት ራሱ ከውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የመጣ ነው፤ የአማርኛው ጽሑፍ ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ እንደሚችሉ ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ አቀረበው። ለፋሺስት መንግሥት ዓድዋን መበቀል በአገሩ ሕዝብ ፊት ክብር የሚያስገኝ ነበር፤ የኢኮኖሚው ቀውስም የሰፋሪ ቅኝ ግዛት ምኞቱን አባባሰው።

ዋናው ማስረጃ ከራሱ ከወራሪው ወገን የመጣ ነው። ጦሩን መጀመሪያ የመራው ጄኔራል ዴ ቦኖ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዝግጅቱ ከወልወል ግጭት በፊት መጀመሩን ጽፏል። ሙሶሊኒም ታኅሣሥ 21 ቀን 1927 ዓ.ም. ባወጣው ምስጢራዊ መመሪያ፣ ዓላማው የኢትዮጵያን ጦር መደምሰስና አገሪቱን ጠቅልሎ መያዝ መሆኑን ገልጿል። እዚያው ላይ ጊዜ የሚሠራው በኢጣልያ ላይ ነው ይላል፤ ኢትዮጵያ በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አውጥታ፣ በሆለታም የጦር ትምህርት ቤት ከፍታ ነበርና። ዛሬ ደካማ የሆነ ጎረቤት ነገ ይበረታል የሚል ስጋት ብዙ ወራሪ መንግሥታትን ያስቸኮለ ምክንያት ነው።

ጦርነቱ መንዝ ሲደርስ

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ውጊያው አላበቃም። ራስ አበበ አረጋይ በመንዝና በሌሎች የሸዋ አውራጃዎች የአርበኞችን ትግል መሩ። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በሰሜን ሸዋ ዘረት ዋሻ ውስጥ የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን ከብቦ በሰናፍጭ ጋዝ አጠቃ። ከሞቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ብዙዎቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ነበሩ። በኋላ ዋሻውን ያጠኑ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች የሰው አጥንት፣ የእህል ማስቀመጫና የቤት ዕቃ አግኝተዋል። የአካባቢው ሰው አመፀኛ ዋሻ ይለዋል።