መታመን ከቀበሌ ይጀምራል

ከወላይታ ሶዶ መናኸሪያ ተሳፍሮ በሻሸመኔና በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ የሚደርስ መንገደኛ በኬላው በር ላይ የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማን ነህ?» ይህን ጥያቄ አንዱ በደቂቃ ይመልሰዋል፤ ሌላው ቀኑን ሙሉ ይመላለስበታል፤ ሦስተኛው ደግሞ ጥያቄውን ፈርቶ ከደላላ ጋር በጨለማ ጫካ ለጫካ ይጓዛል። ልዩነቱ የመጣው ከምንድን ነው? ሠራተኛውና የቀበሌው ነዋሪ ይህን ጉዳይ በጥሞና ሊመረምሩት ይገባል እንላለን።

እንደሚታወቀው፣ ዛሬ ኢትዮጵያንና ኬንያን የሚለየው ወሰን መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1907 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። በዚያ መስመር ሳቢያ የቦረና ሕዝብ በሁለት አገሮች ተከፍሎ ሲኖር፣ የሞያሌ ከተማም አንድ ስም ይዛ ሁለት አስተዳደር ያላት ሆናለች። ለብዙ ዘመን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው በወጪ አገር ኬላ አንድ ጊዜ፣ በገቢ አገር ኬላ ሌላ ጊዜ መቆም ነበረበት። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች በሞያሌ የመረቁት የጋራ ኬላ ይህን ድርብ እንግልት ለማስቀረት የታለመ ነው። በዚህ አሠራር የሁለቱም አገሮች የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሠራተኞች በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚሠሩ፣ መንገደኛው በሚገባበት አገር በኩል አንድ ጊዜ ብቻ ቆሞ ጉዳዩን ይፈጽማል።

ይህ ትልቅ እርምጃ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ መቆምና ቶሎ ማለፍ አንድ አይደሉም። በኬላው የሚመላለሰውን የታወቀ ነጋዴና ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣውን እንግዳ እኩል መፈተሽ የሠራተኛውን ጊዜ ያባክናል፤ እውነተኛውም ወንጀለኛ በግርግሩ መካከል እንዲያመልጥ ያመቻል። ለዚህ ችግር በሌሎች አገሮች የተገኘው መፍትሔ «የታማኝ መንገደኛ» አሠራር ይባላል።

ለመሆኑ ይህ አሠራር ምንድን ነው? ባጭሩ ፍተሻውን ከኬላው ወደ ኋላ መመለስ ማለት ነው። መንገደኛው ከጉዞው አስቀድሞ ያመለክታል፤ ማንነቱና የወንጀል መዝገቡ ይጣራል፤ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ የጣት አሻራው ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ በተለየ መስመር በፍጥነት ያልፋል፤ ደንቡን ከጣሰ ግን መብቱ ይነጠቃል። አሜሪካ በሜክሲኮ ድንበር ላይ «ሴንትሪ» የተባለውን መስመር እ.ኤ.አ. በ1995 ጀመረች። ከካናዳ ጋር ያቋቋመችው «ኔክሰስ» ደግሞ አመልካቹ የሁለቱንም አገሮች ይሁንታ እንዲያገኝ ይጠይቃል። አባቶቻችን ይህን ነገር «ዋስ» ይሉታል፤ እዚህ ግን ዋሱ የመንገደኛው የራሱ የቀድሞ ምግባር ነው።

በዚህ ላይ ግን ቅራኔው ይገለጣል። የኔክሰስ ማመልከቻ ክፍያ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ 50 ከነበረው ወደ 120 ዶላር ከፍ ብሏል። አሠራሩ ባለመኪናውንና ባለኩባንያውን እንጂ ዘንቢል ተሸክማ ድንበር የምትሻገረውን ሴት አስቦ የተነደፈ አይደለም። እንዳለ ተገልብጦ ወደ እኛ ቢመጣ፣ ላለው ፈጣን በር፣ ለሌለው ረጅም ሰልፍ ከመሆን አያልፍም። መታመን በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ከሆነ ስሙ መታመን አይደለም።

ሌላ መንገድ መኖሩን ግን ጎረቤቶቻችን አሳይተዋል። ኬንያ፣ ዩጋንዳና ሩዋንዳ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ዜጎቻቸው በመታወቂያ ካርድ ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲሻገሩ ተስማምተዋል። ኮሜሳም በአባል አገሮች መካከል ለአነስተኛ ነጋዴ የሚሆን ሥርዓት አውጥቷል፤ ዋጋው ከተወሰነ ጣሪያ ያላለፈና በጋራ ዝርዝር ውስጥ የተካተተ ዕቃ የያዘ ሰው በቀላል ቅጽ ያልፋል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአፍሪካ ኅብረት የሰዎች ነጻ ዝውውር ፕሮቶኮል በሥራ ላይ ለመዋል 15 አገሮች ሊያጸድቁት ሲገባ፣ ያጸደቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ከድንበር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘውን ቢጠናን ይህ ምን አገባት? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ መራራ ነው። መሬት ከጠበበባቸው ከወላይታ፣ ከሀዲያና ከከምባታ መንደሮች ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚነሱ ወጣቶች የሚያልፉት በዚሁ በሞያሌ አቅጣጫ ነው። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ከታጨቁት 78 ሰዎች 64ቱ ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውም ተገለጸ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዛምቢያ መዲና በሉሳካ ዳርቻ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የታመነ የ27 ሰዎች ሬሳ ተጥሎ ተገኘ።

ፈጣን ኬላ ብቻውን ይህን ሞት ያስቀራል ብለን አንሰብክም። የይለፍ ካርድ መሬት አይሆንም፤ ሥራም አይፈጥርም፤ በሞያሌ ያለፈ ሰው የደቡብ አፍሪካ በር ተከፈተለት ማለትም አይደለም። ነገር ግን ለንግድ፣ ለዘመድ ጥየቃና ለተፈቀደ ሥራ የሚሄድ ሰው በብርሃን የሚያልፍበት በር በሰፋ ቁጥር የደላላው ገበያ ይጠባል። በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን የሚነግድና ድንበር የሚያሻግር ደላላ ከባድ ቅጣት ተደንግጎበታል፤ ቅጣት ግን ቀና መንገድ ካልተጨመረበት ደላላውን ወደ ሌላ ጫካ ከማዛወር አያልፍም።

የአገር ጸጥታ ይናጋል የሚል ሥጋትም ይነሣል። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የሚመለሰው በሩን በመዝጋት ሳይሆን የሚያልፈውን በማወቅ ነው። ማወቅም የሚጀምረው ሰው ከሚኖርበት ሠፈር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ፣ ማለትም ፋይዳ፣ የጣት አሻራን፣ የዓይንንና የፊትን ምስል ይመዘግባል፤ የጽሑፍ ማስረጃ የሌለውም ሰው በምስክር የሚመዘገብበት መንገድ አለው። ምስክሩ ማን ነው? ጎረቤት ነው፤ የዕድር አባል ነው፤ የሥራ ባልደረባ ነው።

እንግዲህ የእያንዳንዳችን ድርሻ ግልጽ ነው። በቀበሌያችን መታወቂያ የሌለው ወጣት ካለ ወደ ምዝገባው እንውሰደው፤ ለምናውቀው በእውነት እንመስክር፤ ለማናውቀው በውሸት አንመስክር። ደላላ በሌሊት የሚያንኳኳውን በር እኛ በቀን አስቀድመን እናንኳኳ። ነገ በሞያሌ ለታማኝ መንገደኛ የተለየ መስመር ቢከፈት፣ የመጀመሪያው መስፈርት የኪስ ውፍረት ሳይሆን የጎረቤት ምስክርነትና የራስ ምግባር እንዲሆን ከዛሬ ጀምሮ እንጠይቅ።