ድንጋይን የሚያፈርሰው ምንድን ነው?



በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ድንጋይ እንነጋገራለን፡፡ «ድንጋይ ደግሞ ምን ይሆናል?» የሚል አይጠፋም፡፡ ነገር ግን ቤታችንም መስጂዳችንም የቆመው በድንጋይ መሠረት ላይ ነውና ድንጋይን የሚያፈርሰውን ማወቅ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ይጠቅማል፡፡

አስቀድመን ወደ ብርዳማው የሀገራችን ክፍል እንሂድ፡፡ በባሌ ተራሮች የሚገኘው የሳነቴ አምባ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፡፡ እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል፡፡ በበጋ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ ውሃውም በረዶ ይሆናል፡፡ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ መልሶ ይቀልጣል፡፡

ይህ ድንጋዩን እንዴት ይጎዳዋል? ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፡፡ ውሃ የሞላው ጠርሙስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተረስቶ ሲሰነጠቅ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፡፡ በድንጋዩ ስንጥቅ የገባውም ውሃ እንዲሁ ግራና ቀኙን ይገፋል፡፡ በረዶው በዙሪያው ያለውን ውሃ ወደ ራሱ እየሳበ ያድጋል፡፡ ይህ ሲደጋገም ስንጥቁ ይሰፋና ድንጋዩ ይፈረካከሳል፡፡

ታዲያ ሁሉም ድንጋይ ለምን አይፈርስም? ውሃ የማያስገባ ጥቅጥቅ ያለ ድንጋይ ውርጭን ይቋቋማል፡፡ ቀዳዳ የበዛበትና የተሰነጠቀው ግን ቶሎ ይሸነፋል፡፡ ውሃ ካልገባበት ብርዱ ብቻውን ብዙም አይጎዳውም፡፡

የዛሬው የሳነቴ ውርጭ ወደ መሬት ጠልቆ አይገባም፡፡ ይሁንና በአምባው ላይ ትላልቅ ድንጋዮች በመስመር ተደርድረው ይታያሉ፡፡ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ይህ የሆነው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት፣ ተራሮቹ ላይ ግግር በረዶ በነበረበት ዘመን ነው፡፡ ድንጋዮቹ እስከ ዛሬ መቆየታቸው ብርድ ሌላ ጠባይ እንዳለው ያሳያል፤ በውርጭ የሚሰብር ቢሆንም፣ ድንጋይን ወደ አፈር የሚለውጠውን ሌላውን ሂደት ያዘገየዋል፡፡

ያ ሌላው ሂደት እኛው ዘንድ ነው ያለው፡፡ በቢላም ሆነ በነቀምቴ ውርጭ ድንጋይ ሲሰብር አናይም፡፡ እዚህ ሙቀትና ብዙ ዝናብ አለ፡፡ ዝናቡ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ወደ ድንጋዩ ይሰርጋል፤ ቀስ በቀስም ወደ ሸክላ አፈር ይለውጠዋል፡፡ በውስጡ ያለው ብረትም ይዝጋል፡፡ የወለጋ አፈር የቀላው በዚህ ነው፡፡ ጉድጓድ ስንቆፍር መልኩ ድንጋይ የሆነ፣ በእጅ ሲጨብጡት ግን የሚፈርስ ነገር የሚወጣውም ከዚሁ የተነሳ ነው፡፡

እንግዲህ በብርዱም በሙቀቱም ሀገር ሥራው የሚጀምረው ከውሃ ነው፡፡ ስለዚህ ቤት ስንሠራ የመሠረቱን ድንጋይ በመዶሻ መታ አድርገን እንፈትን፡፡ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው በአብዛኛው ጤነኛ ነው፤ ድፍን ያለ ድምፅ ያለው ውስጡ የተሰነጠቀ ወይም የበሰበሰ ሊሆን ይችላል፡፡ ክረምት ሳይገባ የጣሪያው ውሃ ከግድግዳው ርቆ እንዲፈስ ቦይ እንቅደድ፤ የተከፈተውን መጋጠሚያም በሲሚንቶ እንድፈን፡፡ ዛሬ በጥቂት ድካም የምንዘጋው ስንጥቅ ነገ ግድግዳ ከማፍረስ ያድነናል፡፡