ከጀርባ ቀዶ ሕክምና በኋላ ውስጥ ውስጡን የሚያድገው ጠባሳ



ከጀመዓችን የአንዱ ወንድማችን አባት ቢታ ገነት አካባቢ ማር ሊያወርዱ ከወጡበት ዛፍ ወድቀው የአከርካሪ አጥንታቸው ተሰበረ። ቀፎ ረጅም ዛፍ ላይ በሚሰቀልበት በካፋ ይህ እንግዳ አደጋ አይደለም። አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ አልሐምዱሊላህ፣ በእግራቸው ቆሙ። ከወራት በኋላ ግን ወደ አንድ እግራቸው የሚወርድ፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ጀመራቸው። ዘመድ «የገባው ብረት ነው፣ ይውጣ» አለ፤ ጎረቤት «ድጋሚ ይከፈት» አለ። ሐኪሙ ግን «ጠባሳ ነው» አላቸው። ነገሩ ስላልገባን የጤና ተማሪ ወንድሞችን ጠየቅን፣ አነበብንም። እኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነን፤ የተረዳነውን በራሳችን ቋንቋ እናካፍላችሁ።

ጠባሳ ቁስል የሚድንበት መንገድ እንጂ በሽታ አይደለም። ሐኪሙ የተጫነውን ነርቭ ነፃ ለማውጣት ከአከርካሪው በስተጀርባ ያለውን የአጥንት ክዳን፣ ላሚና የሚባለውን፣ ያነሳል። ክዳኑ ሲነሳ የጀርባ ጡንቻና የነርቮቹ ሽፋን (ዱራ ይባላል) ያለ ከለላ ይገናኛሉ። በመካከላቸው ደም ይጠራቀምና ይረጋል። ከዚያ ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሴሎች ከተጎዳው ጡንቻ እየመጡ በረጋው ደም ውስጥ የኮላጅን ክር ይዘረጋሉ፤ ክሩም በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል። ላሮካና ማክናብ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1974 ይህንን «የላሚኔክቶሚ ሽፋን» ብለው ጽፈውበታል።

ችግሩ የሚመጣው ክሩ ከነርቭ ሥር ጋር ሲጣበቅ ነው። እግራችንን ቀጥ አድርገን ስናነሳ የነርቭ ሥር በጥቂት ሚሊ ሜትር ይንሸራተታል። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ የኤሌክትሪክ ገመድ አስቡ፤ ቱቦው ንጹሕ ከሆነ ሲስቡት ይመጣል፣ ልስን ሲለሰን ስሚንቶ ከገባበት ግን አይንቀሳቀስም። ሆኖም ጠባሳ ያለው ሁሉ አይታመምም፤ የጠባሳው ብዛትና የሕመሙ መጠን ምን ያህል እንደሚያያዙ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ስለዚህ በኤም አር አይ ጠባሳ ታየ ማለት ጥፋተኛው ተገኘ ማለት አይደለም።

መከላከሉስ? ትልቁ ሥራ የሚሠራው እዚያው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ጡንቻን ከሚያስፈልገው በላይ አለመቅደድ፣ ከመዝጋት በፊት ደሙን በደንብ ማቆም፣ የተረፈውን ደም አጥቦ ማውጣት። ከዚህ ያለፉ ዘዴዎችም ተሞክረዋል። ከታካሚው ቆዳ ሥር ትንሽ ስብ ወስዶ በክፍተቱ ላይ ማኖር ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ስቡ ነርቭ የተጫነበት ጊዜም አለ። አድኮን-ኤል የተባለ ጄል አሜሪካ ውስጥ በ1998 ፈቃድ አግኝቶ ነበር፤ የዱራን ቁስል እንዳይድን ያደርጋል የሚል ስጋት ተነሥቶበት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከገበያ ወጣ። ነገሩ ያስገርማል፦ ጠባሳን ፈጽሞ የሚከለክል ነገር መዳንንም ሊከለክል ይችላል።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያለው ደግሞ የእኛ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። በአካባቢያችን «አጥንቱ እስኪገጥም አይነቃነቁ» ተብሎ ሰው ለወራት ይተኛል። ሐኪሙ ከፈቀደ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀስ ብሎ መራመድ ይገባል፤ መተኛቱ ጡንቻ ያሟሽሻል፣ እግር ላይ ደም ያረጋል። እንቅስቃሴ ጠባሳን ያጠፋል ብለን ግን አናጋንን። ነርቭን ለማንሸራተት የታሰበ ልዩ ስፖርት አውስትራሊያ ውስጥ ተፈትኖ በ2001 በወጣው ውጤት ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ ጥቅም አልታየበትም። ሲጋራም ይቁም፤ የአጥንትን መግጠም ያዘገያል።

ሩኩዕና ሱጁድን በተመለከተ አባታችን በሁለተኛው ሳምንት ግንባራቸውን መሬት ካላስነኩ ብለው ነበር። ሐኪሙ ጎንበስ ማለትን ከከለከለ ተቀምጦ፣ ካልተቻለም ተኝቶ በምልክት መስገድ እንደሚቻል ታውቃላችሁ፤ ለታመሙ ወላጆቻችሁ በጊዜው ንገሯቸው።

ሕመሙ ሲመለስ «ይከፈትልኝ» ማለትም ያስፈራናል። እያንዳንዱ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና በቀድሞው ጠባሳ ላይ ሌላ ይጨምራል፣ የመሻል ዕድሉም እየቀነሰ ይሄዳል። በደም ሥር የሚሰጥ ማቅለሚያ ያለው ኤም አር አይ ጠባሳን ከወጣ የዲስክ ቁራጭ ለመለየት ይረዳል፤ መጀመሪያ እሱ ይጠየቅ። በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ባለሙያው ገና ጥቂት ነው፣ መንገዱም ሩቅ።

የማይጠበቅበት ጊዜ ግን አለ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር ከዛለ፣ ትኩሳት ወይም ከቁስሉ ፈሳሽ ከመጣ፣ በዚያው ቀን ቢያንስ ቦንጋ ገብረፃድቅ ሻዎ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

አባታችን ድጋሚ አልተከፈቱም። መድኃኒትና ፊዚዮቴራፒ ላይ ናቸው፣ ሶላታቸውን ወንበር ላይ ይሰግዳሉ፤ አላህ ዓፊያ ይስጣቸው። ቀፎውን አሁን የሚያወርደው ታናሽ ልጃቸው ነው፣ ወገቡን በገመድ ታስሮ።